ሐያትን ጥየቃ ወደ ባሕር ዳር

ከባሕር ዳር ስመለስ የትምህርት ቤታችን መምህራን ሁሉ የጠየቁኝ ስለ ፏፏቴው ነበር። ፏፏቴውን አላየሁም። የደሴቶቹን ገዳማትም አላየሁም። የሄድኩት የታመመች ጓደኛዬን ለመጠየቅ ስለሆነ ያየሁት አንድ የሆስፒታል ክፍል፣ አንድ ወጥ ቤት፣ ከጣና ደግሞ የአንድ ጠዋት ያህል ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችሁ ያን ያህል ርቃችሁ የምትሄዱበት ምክንያት ላይኖራችሁ ስለሚችል፣ የሆነውን ከመነሻው እስከ መመለሻው ጻፍኩት። የሐያት እናት “ጻፊው፤ ሌላም እናት ታንብበው” ብለው ፈቅደውልኛል።

ሐያት ሀዋሳ ስንማር ከመጀመሪያው ዓመት እስክንመረቅ ድረስ አንድ ዶርም አብራኝ የኖረች ልጅ ናት። እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል፤ መምህር ሆኜም ይህ ነገር አልተወኝም። እሷ ግን ትናገርልኝ ነበር። ቢሮ ስንሄድ “ቤዛ ማለት የፈለገችው” ብላ ትጀምርና እኔ ያላሰብኩትንም ጨምራ ትጨርሳለች። የዶርሙን ልጆች ሁሉ ስልክ ቁጥር በቃሏ ስለምታውቅ፣ ስልክ የጠፋባት ሁሉ የምትሄደው ወደ እሷ ነበር። ከተመረቅን በኋላ እሷ ባሕር ዳር ወላጆቿ ዘንድ ተመልሳ ሥራ ያዘች፤ እኔ ሀዋሳ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየሳምንቱ እንደዋወላለን። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወሬ ጀምራ ድንገት ዝም ማለት አመጣች። መስመሩ ነው እል ነበር። ከዚያ በአንድ ስልክ አንዱን ነገር ደጋግማ ትጠይቀኝ ጀመር። በታኅሣሥ ስልኳን እናቷ አነሱትና ሆስፒታል መግባቷን ነገሩኝ። የመንፈቁ ፈተና እንዳለቀ ተነሣሁ።

እሑድ

ከሀዋሳ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መቂ ላይ ጎማ ፈነዳብን። ረዳቱ እስኪቀይር መንገድ ዳር ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ከጥላቸው ሥር አስቀመጡን። ለሐያት ቤት የያዝኩት ከጓሯችን የተለቀመ አንድ ዘንቢል አቮካዶ ነበር፤ ጎማው ሲፈነዳ ከጭኔ ላይ ተንከባሎ መኪናውን ሞላው። ተሳፋሪው ሁሉ ከወንበር ሥር እየለቀመ መለሰልኝ። ማታ አጎቴ ቤት አደርኩ። የአጎቴ ሚስት ዘንቢሉን አይተው፣ “በዚህ አውሮፕላን ላይ አትወጪም” አሉና አሮጌ ሻንጣ ሰጡኝ።

ሰኞ

መንገዱ እንደ ድሮው እንደ ልብ ስለማይኬድበት በአውሮፕላን ሄድኩ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ፍተሻ ላይ ያለችው ልጅ ሻንጣዬን ከፈተች።

“የት ነው የምትሄጂው?”

“ባሕር ዳር።”

“ለባሕር ዳር ሰው አቮካዶ?” ብላ ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት። ሁለቱም ሳቁብኝ። ለካ ባሕር ዳር አቮካዶና ማንጎ እንደ እኛው ሞልቷል።

ጣናን ከላይ አየሁት። የእኛን ሐይቅ ከዳር ቆመን ስናየው ማዶው ተራራ ነው፤ ልክና መጠን አለው። ጣና ግን ከሰማይ እንኳ ሲታይ ጫፉ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ከተማው ውስጥ ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ሙቀቱ ሀዋሳን ስለሚመስል ለጥቂት ጊዜ የሄድኩ አልመሰለኝም ነበር።

የሐያት ቤተሰቦች የሚኖሩት ዘንዘልማ ነው። ከከተማው ወጣ ይላል፤ የእርሻ ማሳው መካከል አዲስ ቤት ይሠራል። ባጃጁ ግማሽ የተሠሩ ቤቶችን ዞሮ ዞሮ አንድ በር ላይ አወረደኝና ሄደ። ሳንኳኳ የወጡት ሴት ጨርሶ የማላውቃቸው ናቸው። “የሐጂ ሰይድ ቤት?” አልኩ፤ ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት።

“እሱ ከወዲያ ነው። ግቢና መጀመሪያ አረፍ በይ፣ ፀሐይ መትቶሻል” አሉኝ። ውሃ አጠጥተው፣ እግሬን አስታጥበው፣ ሻንጣዬን ራሳቸው ተሸክመው አደረሱኝ። በሩ ላይ ስንደርስ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

የሐያት እናት እማማ ዘይነብ እኔን ለመቀበል ከሆስፒታል መጥተው ነበር። አባቷ ሐጂ ሰይድ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ሲገቡ ሰላም ብለውኝ ወደ ሶላታቸው ሄዱ። እራት ዓሣ ነበር። “የእኛ ሥጋ ለአንቺ አይሆን፣ ያንቺ ለእኛ አይሆን፤ ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደው” አሉኝ እማማ ዘይነብ። ሀዋሳ ዓሣ በሙሉው ተጠብሶ ከነአጥንቱ ነው የምንበላው። እዚህ ደቅቆ ከቃሪያ ጋር ዱለት ተሠርቶ ቀረበልኝ። ስለ ሐያት ስጠይቅ፣ “ነገ ታያታለሽ” ብቻ አሉ።

ማክሰኞ

ክፍሉ ውስጥ ያሉት አልጋዎች ጥቂት ናቸው፤ ሰው ግን ብዙ ነው። በእኛም አገር በሽተኛ ይጠየቃል። እዚህ ግን ጠያቂ ከመጣ ቶሎ አይነሣም። ቶሎ የተነሣ፣ ለይምሰል የመጣ ይመስላል። ሐያት ራስጌ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ሩቅያ ነበሩ፤ የእጮኛዋ የአሕመድ አክስት። አሕመድ ጎንደር ይሠራል፤ ኒካሁ ከረመዳን በኋላ ሊሆን ተቀጥሯል። ወይዘሮ ሩቅያ ወረታ ላይ ሩዝ ነጋዴ ናቸው። መጋዘናቸውን ለእህታቸው ትተው ዘመድ ቤት እያደሩ በየማለዳው ይመጣሉ።

“አንቺ ነሽ የሀዋሳዋ?” አሉኝ በወፍራም ድምፃቸው። “ምነው እንዲህ ቀጠንሽ? እዚያ እህል የለም? ባውቅ ሩዝ አልክልሽም ነበር!”

ሐያት አወቀችኝ። ስማ አቀፈችኝ። “ቤዛ! መቼ መጣሽ?”

“ትናንት።”

ስለ ዶርም ልጆች ስናወራ አንዷንም አልረሳችም። ከዚያ እጄን ይዛ፣ “ቤዛ! መቼ መጣሽ?” አለችኝ። እንደገና ነገርኳት። ወዲያው በመካከሉ ዝም አለች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። ከንፈሯ አንድ ነገር እንደሚያኝክ ሰው ተንቀሳቀሰ፤ የክንዷ ፀጉር ቆመ። እማማ ዘይነብ ሻርፓቸውን ፈጥነው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉና ፊቷን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። “በረዳት” አሉ። አንዷ ጠያቂ ከፔርሙዝ የምትቀዳው ሻይ ብርጭቆውን ሳይሞላ ነገሩ አለፈ። ያን ዝምታ አወቅኩት፤ በስልክ የሰማሁት እሱ ነበር።

ሐኪሙ ለዙር ሲመጣ የተነሣ ጠያቂ የለም፤ ቦታ ብቻ ለቀቅ አደረጉለት። ወጣት ነው፤ ዝግ ብሎ ይናገራል።

“እማማ፣ ሐያት ድንገት ፍዝዝ የምትልበት ወይም የምትንቀጠቀጥበት ጊዜ አለ?”

“ኧረ የለም! ምን ያንቀጠቅጣታል?”

“መርሳቱስ መቼ ጀመራት?”

“እሷ ከድሮም ዝንጉ ናት። ገና ተማሪ ሳለች እቃዋን ሁሉ ስትጥል ነው የኖረች።”

እማማ ዘይነብ ይህን ሲናገሩ የሚያዩት ሐኪሙን አልነበረም፤ ወይዘሮ ሩቅያን ነበር። እኔ የስልክ ቁጥሮቹን አስታወስኩ። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

ረቡዕ

ከሐያት ወገብ የተቀዳው የአከርካሪ ፈሳሽና ደሟ በአዲስ አበባ በኩል ውጭ አገር ለምርመራ ተልኮ ነበር። ረቡዕ መልሱ መጣ። የተፈለጉት አንቲቦዲዎች አልተገኙም።

ሐጂ ሰይድ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። “አልሐምዱሊላህ! ምንም አልተገኘባትም!” እያሉ ለዘመድ ሁሉ ደወሉ። ቴምር ገዝተው በየአልጋው አደሉ። በአጠገባችን አልጋ ያለችው ከአንበሳሜ የመጣች ልጅ ናት፤ የሚያስታምማት ወንድሟ ነው። ቴምሩን ተቀብሎ ካመሰገነ በኋላ፣ “የእኛዋስ ተገኝቶባት ነው የዳነች” አለ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። እሱ ክፋት አስቦ አልነበረም። እህቱ ስትመጣ ትጮህ፣ ሰው ትማታ ስለነበር ቤተሰቡ መንፈስ ነው ብሎ ነበር። ምርመራው አንቲቦዲውን አገኘ፤ ሐኪሞቹም ያ ዓይነቱ ሲገኝ እንደሚያደርጉት ሆዷን ፈትሸው እንቁላል በምታመነጨው እንቁልጢዋ ላይ እብጠት አገኙና አወጡት። አሁን አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ትሠራለች። የበሽታዋን ስም ወንድሟ ሳይሳሳት ይጠራዋል።

ሐኪሙ ወላጆቿን ወደ ኮሪደሩ ጠራ። ወይዘሮ ሩቅያ ብቻቸውን አልተዋቸውም ብለው ተከተሉ፤ እኔም ፔርሙዙን እንደያዝኩ ተከተልኩ።

“ሐጂ፣ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም” አለ ሐኪሙ። “አንቲቦዲ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ነገር ነው። አንዳንዴ በስሕተት የራሱን አንጎል ያጠቃል፤ አንጎሉም ይቆጣል። ላቦራቶሪው የሚያውቃቸውን ዓይነቶች ፈልጎ አጣቸው። የማያውቃቸው አሉ፤ ገና ስም ያልወጣላቸው።”

“ታዲያ በምን ታውቁታላችሁ?”

“በሌላው ሁሉ። ፈሳሹ ውስጥ ሕዋሳት በመጠኑ በዝተዋል። የኤምአርአይ ምስሉ ከጆሮዋ በላይ ባለው የአንጎል ክፍል ነጣ ያለ ነገር አሳይቷል፤ ግን ደብዛዛ ነው። የአንጎል ሞገድ የለካንበት ጊዜ አጭር ስለነበር ምንም አልያዘም። ቲቢውንም ቫይረሱንም ፈልገን አጣን። አንቲቦዲው ቢገኝ ኖሮ ለእኔ ይበቃኝ ነበር። ሳይገኝ ሲቀር ግን የሚመሰክርልኝ የሕመሙ ታሪክ ነው። በሳምንታት ውስጥ የመጣ ነው ወይስ የቆየ? የሚያፈዛት፣ የሚጥላት ነገር አለ ወይስ የለም? ቶሎ የመጣና የሚጥላት ከሆነ መድኃኒቱን ወዲያው እጀምራለሁ። እንደነገራችሁኝ የቆየ ዝንጋታ ብቻ ከሆነ ግን የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ከባድ መድኃኒት በግምት አልሰጥም። ወደ አእምሮ ሕክምና እልካታለሁ።”

“ብንቆይስ?” አሉ እማማ ዘይነብ።

“በቆየን ቁጥር የሚጠፋባት ነገር ላይመለስ ይችላል።”

እማማ ዘይነብ አንገታቸውን ደፉ። ሐጂ ሰይድ፣ “ካልተገኘባትማ ቤቷ ትግባ” አሉ። ሐኪሙ ነገ ጠዋት ዙር ላይ እንወስን ብሎ ሄደ።

ማታ ወጥ ቤት ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ንግግሬን በልቤ አዘጋጀሁ። “እማማ ዘይነብ፣ ሐያት በስልክ ስታወራኝ…” ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም።

“አውቃለሁ ልጄ። ከጥቅምት ወዲህ ነው። በቀን ሦስት አራቴ ትፈዛለች። ሁለት ሌሊትም ተንቀጥቅጣ ምላሷን ነክሳለች።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “በሩቅያ ፊት ምን ብዬ ልናገር? የሚጥል በሽታ አለባት የተባለ እንደሆነ ኒካሁ ቀርቶ ታናሽ እህቷንም የሚያገባት አይገኝ። ጠያቂን ደግሞ ውጭልኝ ይባላል?”

አይባልም። ሀዋሳም አይባልም። ሽንኩርቱን ልጬ ጨረስኩ።

“ነገ በዙሩ ሰዓት ወይዘሮ ሩቅያን ሐይቁን ያሳዩኝ ብዬ ልውሰዳቸው?” አልኩ።

እማማ ዘይነብ ቀና ብለው አዩኝ። “አንቺ? አንቺ እንዲያ ብለሽ ትጠይቂያታለሽ?”

“እሞክራለሁ።”

ለሐኪሙ እናገራለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ሐሙስ

ወይዘሮ ሩቅያ ወንበራቸው ላይ ከመደላደላቸው በፊት አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። የተናገርኩት አልተሰማም።

“ምን አልሽ?”

“ጣናን… ሳላየው እንዳልመለስ። ብቻዬን እፈራለሁ።”

“አሁን? ሐኪሙ ሊመጣ ሲል?”

ተመልሼ ልቀመጥ ጥቂት ቀረኝ። “ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል ብለውኛል” አልኩ። ይህ እውነት ነው፤ የባጃጁ ሰውዬ ነግሮኛል።

ወይዘሮ ሩቅያ ሐያትን አዩ፣ እማማ ዘይነብን አዩ፣ እኔን አዩ። “እንግዳማ ሐይቁን ሳታይ አትመለስም። እኛን ምን ይሉናል?” ብለው ተነሡ።

ዳሩ ላይ ትልልቅ ዋርካዎች አሉ፤ ከሥራቸው ሻይ የሚጠጣ ሰው። የእኛ ሐይቅ ዳር አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ የዓሣ አንጀት ሲጠብቅ ይውላል፤ እዚህ ትልልቅ ነጫጭ ይብራዎች ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ እንጨት የጫነ ሰው በቀስታ አለፈ። እኛ የተሳፈርነው በሞተር ጀልባ ነው፤ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት። ወይዘሮ ሩቅያ አንዴ ከገቡ በኋላ የእጄን አንጓ ለቀውልኝ አያውቁም።

“እዚሁ አገር ተወልጄ ጣና ላይ ወጥቼ አላውቅ” አሉ። “ሀዋሳም እንዲህ ይወዛወዛል?”

“ትንሽ ያንሳል።”

“ቢሆንም አልመጣላችሁ!”

ጀልባ ነጂው ሳቀ። “እትዬ፣ ገና ከዳር አልወጣነም እኮ።”

“አንተ ዝም ብለህ ንዳ! ዓይንህን ከውሃው አታንሣ!”

ሰውዬው ቀጥሎ ጉማሬ አሳየን። እኔ አየሁ፤ እሳቸው ሻርፓቸውን ዓይናቸው ላይ ጎተቱ። ዓባይ መውጫ ደርሰን ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው ጸጥ አለ። ወይዘሮ ሩቅያ ሻርፑን ገለጥ አደረጉ።

“በይ አሁን ንገሪኝ። ለምን አወጣሽኝ?”

ወደ ጀልባ ነጂው ዞርኩ።

“ዓይን የላትም ብላችኋል መሰል? ማክሰኞም አየሁ፣ ትናንትም አየሁ። ብርድ አይደለም እሱ።”

“ታዲያ ለምን…”

“ለምን አልሄድሽም ነው? ብሄድ ምን ይባላል? ልጅቱ ስትታመም የአማቾቿ ወገን ሸሸ ይባላል። ዘይነብን እንዳይከፋት ብዬ ነው ያን ወንበር የሙጥኝ ያልሁት። ወገቤ ተቆርጧል እኮ!”

ሐኪሙ መስማት የሚፈልገውን፣ እማማ ዘይነብም ለምን እንደማይናገሩ ነገርኳቸው። በሕይወቴ ለአንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ወይዘሮ ሩቅያ የጀልባውን ጠርዝ በመዳፋቸው መቱት።

“እኔ ስላለሁ? በእኔ ምክንያት? አዙረው ወንድሜ!”

“አሁን ደረስነ እኮ፣ እትዬ።”

“አዙረው አልሁህ! ሄጄ ራሴ ለሐኪሙ እነግረዋለሁ!”

እዚህ ላይ ነው የፈራሁት። “ትንሽ እንቆይ” አልኩ። “ይሄኔ እየጠየቃቸው ይሆናል። እርስዎ ከገቡ ያቋርጡታል። ሌሊት ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው።”

ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው የነበሩት ተመልሰው ቁጭ አሉ። “እሺ። ጉማሬ ግን እንዳታሳዩኝ።”

ስንመለስ እማማ ዘይነብ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ፊታቸውን ታጥበው ነበር። እኛን ሲያዩ ብድግ አሉ።

“ተናገርሁ” አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለእሳቸው አልለየሁም። “ሁሉንም ተናገርሁ።”

“ምነው ዘይነብ፣ ለእኔ?” አሉ ወይዘሮ ሩቅያ። “የኒካሁን ነገር አሕመድ ራሱ መጥቶ ያያል፤ እኔ በእሱ ቦታ ምንም አልልሽም። ግን ከዚህ ክፍል ወሬ ይዤ የምወጣ መስሎሽ ነበር?”

ተቃቀፉ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ሐጂ ሰይድ ግን ገና አልተዋጠላቸውም። “ሳይገኝ እንዴት ይታከማል?” አሉ ሐኪሙን።

“ሐጂ፣ አንቲቦዲ ያልተገኘበት የአንጎል መቆጣትም የበሽታ ስም ነው” አለ። “ዛሬ እማማ የነገሩኝ ከምስሉና ከፈሳሹ ጋር ገጠመ። አልሳሳትም አልልዎትም። ቶሎ ካልተሻላት እንደገና ሌላ እፈልጋለሁ። ግን ቁጭ ብዬ አላያትም።”

ሐጂ ሰይድ ባለቤታቸውን አዩ። “ይሁን” አሉ። ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ በደም ሥሯ መሰጠት ጀመረ፤ የሚያፈዛትን የሚያስታግሥ ክኒንም ታዘዘላት።

ዓርብ

ብዙ የሚነገር የለም። ሐጂ ሰይድ ጁምዓ ሰግደው መጡ። ሐያት ገና ለውጥ የላትም፤ መቼ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ መልሳ ጠየቀችኝ። ሳቋ ግን የድሮ ሳቋ ነው። ወይዘሮ ሩቅያ ረፋድ ላይ መጥተው፣ በሽተኛዋን ስመው፣ ሐኪሙ ሳይመጣ ተነሥተው ወጡ። ማንም ምነው ቸኮልሽ አላላቸውም።

ቅዳሜ

ስመለስ ሻንጣዬ ስመጣ ከነበረው ይከብድ ነበር። ወይዘሮ ሩቅያ የወረታ ሩዝ አስይዘውኛል፤ ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው ለእናቴ ቀሚስ ሰጥተውኛል። እማማ ዘይነብ አውሮፕላን ማረፊያው በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ “ዱዓ አድርጊልን፤ አንቺም በእምነትሽ” አሉኝ። ትዳን አትዳን ሳላውቅ ሄድኩ። ሐኪሙም አላወቀም።

ሀዋሳ ከገባሁ በኋላ በየማታው እንደዋወላለን። መጀመሪያ መፍዘዙ ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመ። መርሳቱ ግን አልለቀቀም፤ እማማ ዘይነብ ሲነግሩኝ ድምፃቸው እየደከመ ይሄድ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ክፍል ልገባ ስል ደወሉ። እየሳቁ ነበር።

“ቤዛ! ሐያት ሰደበችኝ!”

“ምን ብላ?”

“‘ትናንትም ይህንኑ ቀሚስ ለብሰሽ ነበር፤ ሌላ የለሽም ወይ?’ አለችኝ!”

“ትናንት ለብሰውት ነበር?”

“ለብሸው ነበር እንጂ! አላወለቅሁትም፣ ነገም ለብሸው እሄዳለሁ፤ ምን እንደምትለኝ እሰማለሁ።”